50 ዋቱ 100 ዋቱን እንዴት አቃጠለው?

የአጎቴ ልጅ ደውሎ "ስፒከሮቼ ድምጻቸው ታፍኗል፣ እስቲ መጥተህ እይልኝ" አለኝ። ሄድኩ። ሙዚቃ ከፈተልኝ። ባሱ አለ። የዘፋኙም ድምጽ አለ። ግን ሁሉም ነገር ከብርድ ልብስ ሥር የሚወጣ ይመስላል። የጸናጽሉ ጥራት ጠፍቷል። ዘፋኙ "ሰ" ወይም "ሸ" ያለበት ቃል ሲያወጣ ፊደሉ ተውጦ ይቀራል። ጆሮዬን ከላይ ወዳለችው ትንሽ ስፒከር፣ ወደ ትዊተሯ አስጠጋሁ። ጭጭ። ወደ ሌላኛው ሳጥን ሄድኩ። እሷም ጭጭ።

ሁለቱንም ፈታሁና ሽቦአቸውን ነቅዬ በመልቲሜትር ለካኋቸው። ጤነኛ ትዊተር ጥቂት ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ታሳያለች። እነዚህ ምንም አላሳዩም። ውስጣቸው ያለው ቀጭን ጥቅል ሽቦ፣ ኮይሉ፣ ተቃጥሎ ተበጥሷል ማለት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ቤቱ በሰው ሞልቶ ሲጨፈር እንዳመሸ ነገረኝ። መቃጠላቸው አልገረመኝም። ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው የጠየቀኝ ጥያቄ ነው። "ስፒከሩ ላይ 100 ዋት ተብሎ ተጽፏል። አምፕሊፋየሩ 50 ዋት ነው። እንዳይቃጠልብኝ ብዬ እኮ ነው ከፍ ያለ ስፒከር የገዛሁት። ታዲያ ግማሹ እንዴት ሙሉውን ያቃጥላል?"

ይህ የዋህ ጥያቄ አይደለም። ብዙ ሰው የሚያስበው እንደዚሁ ነው፤ ስሌቱም ላይ ላዩን ሲያዩት ልክ ነው። በድምጽ መሣሪያ ወዳጆች መካከል የሚዞር አንድ መልስ አለ፦ "አምፑ ትንሽ ስለሆነ ነው፣ ትንሽ አምፕ ስፒከር ይገድላል።" ይህን መልስ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ አንድም ቀን ግን አርክቶኝ አያውቅም። አምፕሊፋየር ትንሽ ስለሆነ ብቻ ምንም አያቃጥልም። በ5 ዋት አምፕሊፋየር ትልልቅ ስፒከር ለዓመታት የሚሰሙ ሰዎች አሉ፤ ምንም አልደረሰባቸውም። ስለዚህ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ማየት ፈለግሁ።

## መልቲሜትሩ 2 ቮልት አለ

አዳዲስ ትዊተሮች መጡና ገጠምናቸው። ስንሞክር የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች ገመዱ ስፒከሩ ላይ የሚታሰርበት ቦታ አስነካሁና መራጩን ወደ ኤሲ ቮልት አዞርኩት። "ብቻህን ስትሆን በምትሰማበት መጠን ክፈተው" አልኩት። ከፈተው። ደስ የሚል፣ ክፍሉን የሚሞላ ድምጽ ነው። ለመነጋገር እንኳ ትንሽ ጮክ ማለት ነበረብን። ቁጥሩ ይዘላል፣ ይወርዳል። ግን ከ2 ቮልት ብዙም አያልፍም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ቮልቱን በራሱ ታባዛለህ፣ ከዚያ ለስፒከሩ ኦም ታካፍላለህ። 2 ጊዜ 2፣ 4። የእሱ ስፒከር 8 ኦም ነው። 4 ለ8 ሲካፈል ግማሽ። ግማሽ ዋት!

"ይሄ ሁሉ ድምጽ ግማሽ ዋት ነው?" አለና መልቲሜትሩን ከእጄ ወስዶ ራሱ አየው። እርግጥ ተራ መልቲሜትር ሙዚቃን በትክክል አይለካም። ከበሮው ሲመታ ለቅጽበት የሚወጣው ጫፍ ከሚታየው ቁጥር እጅግ ይበልጣል። ቢሆንም የት አካባቢ እንዳለን ለማወቅ ይበቃል። ደግሞም አያስገርምም፤ አብዛኛው የቤት ስፒከር 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ላይ ከ85 እስከ 90 ዴሲቤል (የድምጽ ጩኸት መለኪያ) ያወጣል። ይህ ለሳሎን ትንሽ ድምጽ አይደለም።

እኔ እዚህ ላይ ነው የቆምኩት። በየቀኑ የምንሰማው በአንድ ዋት አካባቢ ከሆነ፣ ሳጥኑ ጀርባ ላይ የተጻፈው 100 ምንድነው? አምፕሊፋየሩ ላይ ያለው 50ስ? ሁለቱም ቁጥሮች የሚናገሩት አብዛኛውን ጊዜ ስለማንደርስበት ቦታ ነው። አደጋው ደግሞ ያለው እዚያው ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት "ግማሹ ሙሉውን እንዴት ያቃጥላል" ሳይሆን "ከግማሽ ዋት ተነስቶ ጫፉ ላይ ለመድረስ ምን ያህል ይቀራል" የሚለው ነው።

እሱን ቆጠርነው። ጆሮ "እጥፍ ጮኸ" የሚለው ድምጹ በግምት 10 ዴሲቤል ሲጨምር ነው። 10 ዴሲቤል ለመጨመር ደግሞ ኃይሉ 10 እጥፍ መሆን አለበት። ግማሽ ዋቱ 5 ዋት ይሆናል። አንዴ ደግሞ እጥፍ ይጩህ ከተባለ 50 ዋት። አለቀ። አምፕሊፋየሩ ያለው ይኸው ነው። ብቻውን ከሚሰማበት መጠን ተነስቶ ሁለት ጊዜ "ጨምረው!" ቢባል፣ ሁለተኛው ላይ ምንም የቀረ ነገር የለም።

"ያን ዕለት ባሱን ጨምረኸው ነበር?" አልኩት።

"እስከ መጨረሻው ነዋ።"

የባስ መቆጣጠሪያው እስከ ጫፍ ሲዞር ብዙ አምፕሊፋየሮች ላይ 10 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል። 10 ዴሲቤል፣ እንዳልነው፣ 10 እጥፍ ኃይል ነው። እንግዲህ ሙዚቃው 5 ዋት ላይ እያለ ባሱ ብቻውን 50 ይጠይቃል። ሁለተኛው "ጨምረው" ገና ሳይመጣ አምፕሊፋየሩ ተሟጧል። ሰውየው ግን የሚያየው የቮሊየም ቁልፉን ነው። ቁልፉ ገና ግማሽ ላይ ነው! ይህ ነገር ስንቱን እንዳታለለ። የቁልፉ ግማሽ ማለት የኃይል ግማሽ ማለት አይደለም። የሚገባው ሲግናል ጠንካራ ከሆነ ብዙ አምፕሊፋየር ሙሉ አቅሙን ግማሽ አካባቢ ላይ አውጥቶ ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ ያለው የቁልፉ ጉዞ ንጹሕ ድምጽ አይጨምርም፤ ጭቅጭቅ ብቻ ነው የሚጨምረው።

## ጫፉ ሲቆረጥ

አምፕሊፋየር 50 ዋት ለ8 ኦም ሲያወጣ 20 ቮልት ነው፤ የሞገዱ ጫፍ ደግሞ 28 ቮልት ገደማ ይደርሳል። የኃይል ምንጩ ከዚያ ብዙም አያሳልፈውም። ሙዚቃው 40 ቮልት ቢጠይቅም 28 አካባቢ ላይ ይቆማል። ክብ የነበረው የሞገድ ጫፍ በቢላ እንደተቆረጠ ጠፍጣፋ ይሆናል። ባለሙያዎች ክሊፒንግ የሚሉት ይህን ነው።

በዚህ ጊዜ ሦስት ነገር ይደርሳል፤ ሦስቱም የሚያርፉት ትዊተሯ ላይ ነው። አንደኛ፣ ጠፍጣፋው ሞገድ ከክቡ የበለጠ ኃይል ይሸከማል። ጭራሽ አራት ማዕዘን እስኪሆን ከተቆረጠ የ50 ዋቱ አምፕሊፋየር ወደ 100 ዋት ይጠጋል። ማለትም "50" የሚለው ቁጥር የንጹሕ ድምጹ ወሰን እንጂ ማሽኑ ሊያወጣ የሚችለው ሁሉ አይደለም። ሁለተኛ፣ ሲቆረጥ በቀረጻው ውስጥ ያልነበሩ ቀጫጭን ድምጾች ይፈጠራሉ፤ በሳጥኑ ውስጥ ድምጹን ለየስፒከሩ የሚያከፋፍለው ክፍል፣ ክሮስኦቨሩ፣ ደግሞ ቀጭኑን ሁሉ ለይቶ ወደ ትዊተሯ ይልካል፣ ሥራው ነውና። ሦስተኛው ለእኔ ዋናው ነው። ባሱ ጣሪያው ላይ ደርሶ ስለቆመ ቁልፉን ስታዞር አይጨምርም። ቀጭኑ ድምጽ ግን ገና ቦታ አለው። ስለዚህ እሱ ብቻ ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ ይጨምራል።

አሁን ወደ 100 ዋቱ ጽሑፍ እንመለስ። ቁጥሩ የተጻፈው ለሳጥኑ በሙሉ ነው። ከኃይሉ አብዛኛውን ባሱ እንደሚወስድ፣ ለትዊተሯ ትንሽ እንደሚደርሳት ታስቦ ነው። እሷ ለብቻዋ፣ ያለ እረፍት፣ ከጥቂት ዋት በላይ አትችልም። ኮይሏ ቀጭንና ቀላል ነው፤ ካልቀለለ በሰከንድ 10,000 ጊዜ መንቀጥቀጥ አይችልም። የቤት ስፒከር ከሚገባው ኤሌክትሪክ ወደ ድምጽ የሚለውጠው ብዙውን ጊዜ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የቀረው ሁሉ እዚያች ትንሽ ኮይል ውስጥ ሙቀት ይሆናል። ይህን ካወቅሁ ጀምሮ ስፒከርን የማየው ድምጽ እንደሚያወጣ ማሞቂያ ነው።

ሙቀቱ ሌላም ተንኮል አለው። መዳብ ሲግል ኤሌክትሪክን ይበልጥ ይቋቋማል። ኮይሉ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ የሽቦው ኦም ከነበረው ወደ 70 በመቶ ይጨምራል። ኦሙ ሲጨምር የሚገባው ኃይል ይቀንሳል፣ ድምጹም ይወርዳል። ጨፋሪው ግን "ምነው ቀነሰ?" ይልና ቁልፉን እንደገና ያዞራል። በዚህ መሐል ኮይሉን የያዘው ሙጫ ይለሰልሳል፣ የሽቦው ሽፋን ይቃጠላል፣ በመጨረሻም አንድ ቦታ ላይ ይበጠሳል።

ለአጎቴ ልጅ የሰጠሁት መልስ እንግዲህ ይኸው ነው። የገደለው የአምፕሊፋየሩ ማነስ አይደለም፤ ከሌለው ላይ መጠየቁ ነው። 200 ዋት አምፕሊፋየር በልኩ የሚሰማ ሰው እጅ ውስጥ ከሆነ ለዚያው ስፒከር ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ጫፉ ስለማይቆረጥ ይሻላል። ያንኑ 200 ዋት በዚያ ቅዳሜ ምሽት ብታመጣው ግን ትዊተሩን ብቻ ሳይሆን ትልቁንም ይዞት ይሄዳል። የዋት ማመሳሰል ወሬ ከሚገባው በላይ ይወራል ባይ ነኝ። ዋናው ቁልፉ ላይ ያለው እጅ ነው።

ደስ የሚለው ነገር ስፒከር ከመሞቱ በፊት ይናገራል። የዘፋኙ ድምጽ ሻካራ ይሆናል። ጸናጽሉ መጥራቱን ትቶ መንፋት ብቻ ይሆናል። ከበሮው ደረት የሚመታ ጉልበቱ ይጠፋና ደረቅ ይላል። ጆሮ "በቃ" ይላል፣ ሰውም ሳያስበው ከስፒከሩ ይርቃል። ይሄኔ ነው ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው። ወዲያው ቀንስ፤ ድምጹ ሲጠራ እዚያ ላይ ተወው። አምፕሊፋየሩ አቅሙ ሲያልቅ የምትበራ ትንሽ ቀይ መብራት ካለችው ዓይንህን ከእሷ ላይ አታንሳ።

አንድ ችግር አለ። ጆሮ ይለምዳል። ሰው በሞላበት ቤት አንድ ሰዓት ከቆየህ በኋላ ቅድም የጮኸብህ ድምጽ ልከኛ ይመስልሃል። ስለዚህ ውሳኔውን እንግዳ ሳይመጣ፣ ጆሮ ሳይደክም መወሰን ይሻላል። እኔ የመከርኩት ቁልፉ ላይ በትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ምልክት እንዲያደርግ ነው። ብዙ ዘመናዊ ሪሲቨሮች ደግሞ በሜኑአቸው ውስጥ የቮሊየምን ከፍተኛ ልክ መወሰኛ አላቸው። ይህቺን ነገር ብዙ ሰው ከፍቶ አይቷት አያውቅም።

## ባሱ የሚሞተው በሌላ መንገድ ነው

ትልቁን ስፒከር፣ ዉፈሩን፣ ሙቀትም ይገድለዋል፤ ቤት ውስጥ ግን ይበልጥ የሚፈራለት ከልክ ያለፈ እንቅስቃሴ ነው። ድምጹ በአንድ ኦክታቭ በወረደ ቁጥር፣ ማለትም በሰከንድ የሚንቀጠቀጥበት ቁጥር (ሄርዝ) በግማሽ ሲቀንስ፣ እኩል ለመጮህ ኮኑ፣ ወደፊትና ወደኋላ የሚሄደው የስፒከሩ ፊት፣ አራት እጥፍ መንቀሳቀስ አለበት። በ80 ሄርዝ 1 ሚሊ ሜትር የሄደው በ40 ሄርዝ 4 ሚሊ ሜትር፣ በ20 ሄርዝ 16 ሚሊ ሜትር። ትንሽ ዉፈር ይህን ያህል አይሄድም። ሲያልፍበት ኮይሉ የማግኔቱን ጀርባ ይመታና "ጠቅ!" የሚል ድምጽ ያሰማል። ያንን ድምጽ የሰማ ሰው አይረሳውም። ከሰማኸው በኋላ ዘፈኑ እስኪያልቅ እንዳትጠብቅ።

የአየር ቀዳዳ ያላቸው ሳጥኖች የባሰ ነው። ቀዳዳው ከተቃኘበት ድምጽ በታች ሲወርድ በሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር ኮኑን መያዝ ያቆማል፤ ኮኑ እንደ ልቡ ይወዛወዛል። ሸክላ ማጫወቻ ያለው ሰው ይህን በዓይኑ ማየት ይችላል። ሸክላው ትንሽ ከተጣመመ ምንም ባስ ሳይሰማ ኮኑ ወደፊትና ወደኋላ ሲንሳፈፍ ይታያል። ያ ጆሮ የማይሰማው ድምጽ ነው፤ ጉልበት ግን ይበላል። አምፕሊፋየሩ ላይ ሰብሶኒክ ፊልተር የሚባል ቁልፍ ካለ ይከፈት፤ 20 ሄርዝ አካባቢ ካለው በታች ያለውን ይቆርጣል። መርፌውን ስታሳርፍም ሆነ ስታነሳ ቮሊየሙን ዝቅ አድርግ።

"ላውድነስ" የሚለው ቁልፍ የተሠራው በዝቅተኛ ድምጽ ለመስማት ነው። ማታ ሰው ሲተኛ ደስ ይላል። ለጭፈራ ግን መጥፋት አለበት። ከባድ ባስ የሚወድ ሰው ትንሹን ዉፈር ከማስጨነቅ ሰብዉፈር ጨምሮ ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን ለእሱ መተው ይሻለዋል።

## ሙዚቃ ሳይኖር የሚመጣ ጉዳት

አንዳንዱ አደጋ ከጩኸት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። አምፕሊፋየሩ እየሠራ የሲግናል ገመድ መንቀል አንዱ ነው። የተለመደው የአርሲኤ ገመድ ሲሰካ መጀመሪያ የሚነካው የመሐሉ ሚስማር ነው፤ የውጪው ቀለበት እስኪነካ ባለችው ቅጽበት ያ "ቡም" የሚለው ጩኸት በሙሉ ኃይል ይወጣል። አጥፍተህ ቀይር። ለየብቻ የሆኑ መሣሪያዎች ካሉህ ደግሞ የኃይል አምፕሊፋየሩ በመጨረሻ ይከፈት፣ በመጀመሪያ ይጥፋ።

የስፒከር ገመድ ስታስር ከጫፉ አንዲት ቀጭን ክር እንኳ ወጥታ ወደ ጎረቤቷ እንዳትነካ ተጠንቀቅ። ሾርት የሚያደርገው አምፕሊፋየሩን ነው፤ አምፕሊፋየሩ ሲበላሽ ደግሞ ስፒከሩን ይዞት ሊሄድ ይችላል። ሁለት ጥንድ ስፒከር በአንድ ላይ የሚያገናኝ ሰውም ስሌቱን ይወቅ። ሁለት 8 ኦም በትይዩ 4 ኦም፣ ሁለት 4 ኦም 2 ኦም ይሆናል። 2 ኦም የሚችል የቤት አምፕሊፋየር ጥቂት ነው።

አምፕሊፋየሩ ሲበላሽ ስፒከሩን የሚገድለው ዲሲ፣ አቅጣጫውን የማይቀያይር ኤሌክትሪክ፣ ነው። የውጤት ትራንዚስተሩ ሾርት ካደረገ የኃይል ምንጩ ቮልት፣ 30 ወይም ከዚያ በላይ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ዉፈሩ ይገባል። ኮኑ በአንድ በኩል ዘሎ ይቆማል። ስለማይንቀሳቀስ አየር አያገኝም፣ በሰከንዶች ውስጥ ይጨሳል። ደህና አምፕሊፋየር መከላከያ ሪሌ (ስፒከሩን በራሱ የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ ማጥፊያ) አለው፤ ሲከፈት ከጥቂት ሰከንድ በኋላ "ቀጭ" የሚለው እሱ ነው። ያረጀ አምፕሊፋየር ሲገዛ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን እኔ ስፒከር ከማገናኘቴ በፊት አንድ ነገር አደርጋለሁ። ያለ ሙዚቃ፣ ቮሊየሙ ዜሮ ላይ ሆኖ፣ የስፒከር መውጫውን በዲሲ ሚሊቮልት እለካለሁ። ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ ደስ ይለኛል። ቮልት ማሳየት ከጀመረ በቀጥታ ወደ ጥገና።

## ዕድሜ፣ ፀሐይና ጣት

ማንም ሳይነካው የሚሞትም አለ። በኮኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት ከፎም የተሠራ ከሆነ እርጥበት፣ ሙቀትና የፀሐይ ብርሃን ቀስ በቀስ ይበሉታል። ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ በጣት ሲነካ የሚፈረፍር ነገር ይሆናል። ጎማ ቀለበት ብዙ ይቆያል። የሚያሳዝነኝ ነገር ሰዎች ፎሙ ስላለቀ ብቻ ስፒከሩን መጣላቸው ነው። ኮኑ ደህና ነው፣ ኮይሉ ደህና ነው፣ ማግኔቱ ከሁላችንም በላይ ዕድሜ አለው። ቀለበቱ ብቻ ይቀየራል። ግን ተቀድዶ ሳለ መጫወት አይገባም፤ ኮኑ መሐሉን ይስትና ኮይሉ ማግኔቱን እየፋቀ ያልቃል።

ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት መስኮት ሥር አታስቀምጠው። ሳጥኑ ላይ የአበባ ማሰሮ አይቀመጥ፤ ውኃ የተቀበለ ሳጥን ያብጣል። ትንሽ ልጅ ካለ የፊት መሸፈኛው አይነሳ። የትዊተሯ ለስላሳ ጉልላት ለልጅ ጣት እንደ ቁልፍ ትመስላለች፤ አንዴ ትጫናለች፣ ትጎደጉዳለች። የጎደጎደውን ለማውጣት በቫኩም መሳብ ግን አይሞከር፤ ጉልላቷን ከነኮይሏ የሚነቅል ጉልበት አለው። አቧራ ካለ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል።

ከጭፈራ በኋላ፣ ወይም ያገለገለ ስፒከር ስትገዛ፣ ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ አንድ ምርመራ አለ። ሁሉን አጥፋ። የሁለት እጅህን ጣቶች ኮኑ ዙሪያ ላይ እኩል አስቀምጥና በጣም በቀስታ ወደ ውስጥ ግፋ፣ መልሰህ ልቀቅ። ምንም ድምጽ መኖር የለበትም። አሸዋ እንደመፍጨት የሚል ድምጽ ከሰማህ ኮይሉ ተጣሟል ወይም አብጧል። መልቲሜትር ካለህ ሽቦውን ነቅለህ ለካ፤ ባለ 8 ኦም ዉፈር ብዙውን ጊዜ 6 ኦም አካባቢ ያሳያል፣ ባለ 4 ኦሙ ደግሞ 3 እና ትንሽ። ሁለቱን ሳጥኖች አወዳድር፤ ቁጥሮቹ ከተራራቁ አንዱ ከውስጥ ተጎድቷል። ትዊተሯን ግን በጣት አትንካት፤ ለእሷ መልቲሜትሩና ጆሮህ ይበቃሉ።